የእማማ ካልቱን ማዳመጫ

እማማ ካልቱን ቤታቸው እንዲሸጥ የተስማሙት ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ነው። አንድ አርብ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ትልቁ ልጃቸው ሚክዳድ የሆነ ነገር ተናገረ፤ አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ኑርሀን ዓይኗን ሳህኑ ላይ ተከለች፤ ከዚያ ሁለቱም ዞረው እሳቸውን አዩ። ሰው ዞሮ ሲያያቸው እማማ ካልቱን የሚያደርጉት የታወቀ ነው። ፈገግ ይሉና ይነቀንቃሉ። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ በዚያ ቤት ብዙ ነገር በዚሁ መንገድ አልፏል፤ የግቢው በር ቀለም፣ የኑርሀን ፍቺ፣ የአረፋ በግ፣ ሁሉም ተነቅንቆለታል። ታዲያ ምነው ምን አላችሁኝ ብለው አይጠይቁም ይል ይሆናል ሰው። መጠየቅማ መጀመሪያ ላይ ይጠይቁ ነበር። ግን የሚደግምላቸው ሰው ፊት ላይ ብቅ የምትለው ያቺ ትንሽ መሰልቸት ካለመስማቱ በላይ ከበደቻቸውና ተዉት። ያን ዕለት ሚክዳድ "አልሐምዱሊላህ፣ ሆዮም ተስማማች" ብሎ፣ በሶማሊኛ እናቴ ማለቱ ነው፣ ፓፓያውን ቆረጠ። እናቱም የደረሳቸውን በሉ፤ ጣፋጭ ነበር።

ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፣ ትንሹ ልጅ አብዲራሺድ ባይኖር። አብዲራሺድ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ቤቱ የአባት ውርስ በመሆኑ የእሱም ፊርማ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ በስልክ "ከሆዮ አፍ ካልሰማሁ አልፈርምም" ብሎ ድርቅ አለ። ሚክዳድ "ነቅንቃለች አልኩህ እኮ አቦ!" ቢለው፣ "ሆዮ ለቆራሌውም ትነቀንቃለች" ብሎ መለሰለት። ለዚህ ነው እንግዲህ ሚክዳድ ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ያለውን ሱቁን ለሠራተኛው ትቶ፣ ፀሐይዋ ሳትከር አንድ ካርቶን በባጃጅ ጭኖ እናቱ ቤት የመጣው። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ስፒከር፣ ባለ መቆሚያ ማይክና ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን ጥቁር ማዳመጫ ነበር። ማይኩ የእናትየውን እሺታ አዲስ አበባ ድረስ ሊያደርስ፣ ስፒከሩ የአብዲራሺድን መልስ ለቤቱ ሊያሰማ። ማዳመጫውን ያስጨመረችው ኑርሀን ናት። "በስፒከር አትሰማውም። ጆሮዋ ላይ አድርገን ድምፁን እስከ መጨረሻው ብንለቀው ግን ማን ያውቃል" አለችው። ሚክዳድ ገረመው፤ እሱ አስቦት አያውቅም። የሱቁ ግድግዳ ከወለል እስከ ኮርኒስ ጆሮ ላይ የሚደረግ ነገር የተንጠለጠለበት ነው፤ ቀይ አለ፣ ብርም ያለው አለ፣ መብራት የሚያበራም አለ። ሐኪም መስሚያ ይገዛላቸው ካለ በኋላ ስንት ረመዳን መጥቶ ሄዷል፤ እሱም ሁልጊዜ "ኢንሻላህ ከኢድ በኋላ" ይላል። እንግዲህ ፍረዱ። ክፉ ልጅ ሆኖ ግን አይደለም። እናቱ ቤት ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም፤ በየሳምንቱ ፓፓያ ወይም ዘይቱን ይዞ ይመጣል፣ ጉልበታቸውን ስሞ ይቀመጣል፣ ይሄዳል።

ቤቱ መጋላ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ግንቡ ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በሮቹ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ። ባለቤታቸው ዱዓሌ በሕይወት ሳለ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፤ ከየጉዞው በተረፈችው ነገር አንድ ክፍል፣ ከዚያም አንድ ክፍል እየጨመረ ሠራው። እማማ ካልቱን ይህን ቤት በእግራቸው ነው የሚያዳምጡት። ከባድ መኪና በጎዳናው ሲያልፍ በወለሉ ሴራሚክ በኩል ወደ ተረከዛቸው ይመጣል፤ የውጪው በር ሲዘጋ የሚደገፉት ግድግዳ ጀርባቸውን በቀስታ ይገፋቸዋል። ኑርሀን መምጣቷንና መሄዷን፣ ተናዳ መሆንና አለመሆኗን ከመሬቱ ያውቃሉ። ጠዋት ጠዋት ግቢ ወጥተው የኒም ዛፏ ሥር ይቀመጡና ቅጠሉ ሲነቃነቅ እያዩ ንፋሱ ምን ሊል እንደሚችል ያስባሉ። ሌላ ቤት ውስጥ ደንቆሮ አሮጊት ይሆናሉ፤ እዚህ ግን አይደሉም። ይህን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ለማንም ነግረው አያውቁም።

ኑርሀን ኮምፒውተሩን የምታስቀምጠው ሳሎን፣ ከወለሉ መቀመጫ ከመጅሊሱ ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሰው ማመልከቻና የትርጉም ሥራ እየጻፈችበት ትተዳደራለች። ያን ጠዋት ድሪ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ጠረጴዛው ሥር ገባችና የሲፒዩውን ጀርባ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ሚክዳድ ከላይ ሆኖ ያዛል። ዕቃውን ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ስለሆነ ሁሉንም የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ማይኩን ተቀብሎ አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ ሰካው። አልሠራም። "ዕቃው ኦሪጅናል ነው ወላሂ፣ ኮምፒውተርሽ ነው ያረጀው" አላት። ኑርሀን ከሥር ሆና አረንጓዴው የስፒከር፣ ሮዙ የማይክ መሆኑን ነገረችውና ቀየረችው። ስፒከሮቹ ሠሩ፤ የማይኩ ድምፅ ግን ከጉድጓድ የሚመጣ ዓይነት ሆነ። ሚክዳድ "ሆዮ ስትናገር አንዴ ትጮሃለች አንዴ ትንሾካሾካለች፣ ጨምሪው" አለ። ማይኩ የሚሰበስበውን ድምፅ እስከ ጥግ ጨመረችው። ከዚያ ማይኩ የሚሰማውን ራሷ ልትሰማው ፈለገችና፣ የገባበትን ድምፅ መልሶ በስፒከር የሚያወጣውን ምርጫ ፈልጋ ምልክት አደረገችበት።

ያኔ ቤቱ ጮኸ። ማይኩ የስፒከሩን፣ ስፒከሩ የማይኩን እየተቀባበሉ የላሜራ መጋዝ ዓይነት ጩኸት ለቀቁ። ሚክዳድ ጆሮውን ይዞ ወደ በሩ ሸሸ፣ ኑርሀን እየተነሳች ራሷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨች፣ ኒሟ ላይ የነበሩ ርግቦች በሙሉ ተነሱ። እማማ ካልቱን ብቻ ከመጅሊሱ ሳይነቃነቁ ልጆቻቸውን እያዩ ሳቁ። ለረጅም ጊዜ ሲጫወቱ አይተዋቸው ስለማያውቁ ደስ አላቸው። ኑርሀን በድንጋጤ ያገኘችውን የማዳመጫ ገመድ ሲፒዩው ፊት ለፊት ሰካችው። ማዳመጫ እፊት ሲሰካ የኋላዎቹ ስፒከሮች ዝም ይላሉ፤ ጩኸቱም ቆመ። ሁለቱም ተንፍሰው ተቀመጡ። ያ ምልክት የተደረገበት ምርጫ እንደበራ መቅረቱን ግን በዚያ ግርግር መሀል ያስታወሰ አልነበረም።

አብዲራሺድ የሚደውለው በምሳ እረፍቱ ነው። ያንን ሰዓት የመረጠው ሚክዳድ ነበር፤ ድሬዳዋ በሙቀቱ ተሸንፋ የምትተኛበት ሰዓት ስለሆነ ለማይክ የሚመች ጸጥታ አለ። ምሳ ተበልቶ መንገዱ ጭር አለ። ባጃጆቹ ጥላ ሥር ቆሙ፣ ሱቆቹ መጋረጃቸውን ጣሉ፣ ፀሐይዋ በሰማያዊው በር ሥር ቀጭን መስመር ሠርታ ሳሎኑ ደንገዝገዝ አለ። ኑርሀን እናቷን እጃቸውን ይዛ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻቸው፣ ሻሻቸውን በጥንቃቄ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ሚክዳድ ጎንበስ ብሎ ገመዱ እንዳይጠልፋቸው ከወንበሩ ኋላ አሳለፈው። አብዲራሺድ ግን አልደወለም፤ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ተቀምጠው መጠበቅ ሆነ።

መጀመሪያ ወደ እማማ ካልቱን የመጣው ንፋስ ነበር። ለስላሳ፣ የማያቋርጥ ንፋስ። ቀና ብለው ሲያዩ የኮርኒሱ ቬንትሌተር ነው፤ ስንት በጋ ሲዞር ሲያዩት ኖረዋል፣ ድምፅ እንደነበረው ረስተውት ነበር። ቀጥሎ ኑርሀን የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እጇን አነሳች። እጇን ካነሳች በኋላ የብርጭቆው ድምፅ መጣ። ማሽኑ ድምፁን ትንሽ ያዘገየዋል፤ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ይታያል፣ ከዚያ እንደገና በጆሮ ይመጣል። እማማ ካልቱን እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰላቸው። በሕልማቸው ሁልጊዜ ይሰማሉና። ርግቦቹ ወደ ኒሟ ተመልሰው ጉርር ይላሉ። የሆነ ቦታ፣ ምናልባት ጎረቤት፣ ውሃ ይንጠባጠባል። የሚክዳድ ቁልፎች በጣቱ ላይ ይንሿሿሉ። የራሳቸው ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ይሰማቸዋል፤ አንዲት ደካማ ሴት አጠገባቸው የተቀመጠች ይመስላል። ቢነቃነቁ ሕልሙ የሚበተን መሰላቸውና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጣሉ። እንዲህ ተቀምጠው ሳለ ዱዓሌ ተናገረ።

ዱዓሌ ሞቷል፣ ያውቃሉ። ግን ያ ከጉሮሮ ሥር የሚነሳ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚሻክር ድምፅ የእሱ ነው። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ሲያነሱ የሚክዳድን አፍ አዩ፤ አፉ ከተዘጋ በኋላ ቃሉ ይመጣል። ልጃቸው ነው። ጆሯቸው ሲሸሽ ሚክዳድ ገና ድምፁ ያልረጋ ጎረምሳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በአባቱ ድምፅ መናገር እንደጀመረ የነገራቸው የለም። ማን ይነግራቸዋል? ምን እንደሚል ልብ አላሉም፣ ድምፁን ብቻ ጠጡት። እንዲቀጥል፣ እንዳያቆም ለመኑ። እሱም አላቆመም።

"ገዢውን ከኢድ በፊት እናስረክባለን ብዬዋለሁ" ይላል ሚክዳድ። "ሰውየው ቤቱን አይደለም የሚፈልገው፣ ቦታውን ነው። ያፈርሰዋል።"

"ኒሟንስ?" አለች ኑርሀን። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ደክሟታል።

"ኒም ምን ይሠራለታል? ይቆርጣታል።"

"ሆዮን መቼ ነው የምንነግራት?"

"ተነግሯታል እኮ፣ ነቅንቃለች! መልካ ጀብዱ እኔ ቤት እወስዳታለሁ። የኋላው ክፍል መኖ ነው ያለበት፣ እሱን አስወጣዋለሁ። አየሩ ጥሩ ነው፣ ሚስቴም አለች። ደግሞ ለሆዮ ምን ለውጥ አለው ኑርሀን? ቁጭ ብላ ነው የምትውለው። እዚህም ቁጭ፣ እዚያም ቁጭ። ምንም አትሰማ።"

"ሀዬ" አለች ኑርሀን፤ እሺ ማለቷ ነው። ድሮ ልጆቹ ከእናታቸው የሚደብቁት ነገር ሲኖር እያንሾካሾኩ ነበር የሚነጋገሩት። አሁን ፊታቸው ተቀምጠው፣ በሙሉ ድምፅ፣ ሻይ እያማሰሉ ይነጋገራሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ የእማማ ካልቱን ጆሮ ግን ያን ቀን ለባለቤቱ ዘመድ ሆኖ ዋለ። ቃሉም እንደ ድምፁ ሁሉ ዘግይቶ ገባቸው። መጀመሪያ የዱዓሌን ድምፅ በማግኘት ደስታ ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያ ያ የሚወዱት ድምፅ የሚለው ምን እንደሆነ አንድ በአንድ እየተፈታ መጣ። ያፈርሰዋል። ይቆርጣታል። እዚያም ቁጭ። አመማቸው። ባለቤታቸው ተነስቶ በገዛ አፉ ቤቱን ሲያፈርስ የሰሙ ያህል አመማቸው። ደግሞም አፈሩ፤ ምክንያቱም የነቀነቁት እሳቸው ናቸው፤ ይህን ሁሉ ያጸደቀው የእሳቸው ኩራት ነው።

ኑርሀን ያየችው ያኔ ነው። እናቷ የሰው አፍ ነበር የሚያዩት፣ ሁልጊዜ፤ አሁን ግን ወለል ወለሉን እያዩ፣ ሚክዳድ "መኖ" ሲል ትከሻቸው ደንገጥ አለ። ኑርሀን ወደ ስክሪኑ ዞረች። ጠዋት ያደረገችው ምልክት እንዳለ ነው፣ ማይኩ የሚሰማውን ሁሉ ወደ እናቷ ጆሮ ይልካል፤ አጠገቡ ያለው አረንጓዴ መስመር በሚክዳድ ድምፅ ልክ ይወጣል ይወርዳል። እጇ ማውሱ ላይ ሄደ፤ አንድ ጠቅታ ብቻ ነው፣ እናቷ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፣ ሚክዳድም ምንም ሳያውቅ ወደ ጫት በርጫው ይሄዳል። ከአርቡ ጀምሮ ሌሊት እንቅልፍ የነሳትን ነገር አስታወሰች፤ እናቷ እንዳልሰሙ ታውቅ ነበር፣ ታውቅ ነበርና ዓይኗን ሳህን ላይ ተክላ ዝም አለች። ለራሷም ከሽያጩ ሳቢያን ሰፈር አዲስ ኮንዶሚኒየም ቤት ተስፋ ተሰጥቷት ነበር። ማውሱን ለቀቀችው። እጆቿን አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተቻቸው፣ ራሷን የማታምን ይመስል። ከፍርሃቷ ሥር ግን ሸክም የወረደለት ሰው ዓይነት እፎይታ ተሰማት።

ስክሪኑ በራና የአብዲራሺድ ፊት መጣ፤ ነጭ ጋውን ለብሷል፣ ከኋላው የመድኃኒት መደርደሪያ ይታያል። አፉ ተንቀሳቀሰ። ሳሎኑ ውስጥ ግን ምንም አልተሰማም፤ ድምፁ በሙሉ የሚሄደው ወደ ማዳመጫው ነው። ሚክዳድ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፣ ወደ ስፒከሩ ተጠጋ፣ የስፒከሩን ቁልፍ አዞረ። "ምን አለ? ምንድነው ያለው?" አለ። የወንድሙን ከንፈር እያየ ከፊቱ ለማንበብ ዓይኑን አጠበበ።

አብዲራሺድ ያለው "አሰላሙ አለይኩም ሆዮ፣ ትሰሚኛለሽ?" ነበር፤ መልስ ሳይጠብቅ፣ ሲነቀንቁ ሊያይ።

"ወአለይኩሙ ሰላም" አሉ እማማ ካልቱን። "እሰማሃለሁ። ጉንፋን ይዞሃል አብዲ፣ አፍንጫህ ታፍኗል። ማር በሎሚ ጠጣ።"

የሚክዳድ ቁልፎች ጣቱ ላይ ቀጥ አሉ። እናቱን አየ፣ ማይኩን አየ፣ ኑርሀንን አየ። ኑርሀን ዓይኗን አልሰበረችም። በዚያች አፍታ ከምሳ ወዲህ የተናገረው ነገር ሁሉ ወደ እሱ መመለስ ጀመረ፤ በፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

አብዲራሺድ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ጠየቃቸው፤ ቤቱ እንዲሸጥ ተስማምተሻል ብሎኛል ሚክዳድ፣ እውነት ነው ወይ ሆዮ? ጥያቄውን ከእሳቸው በቀር የሰማ አልነበረም፤ ጥያቄው መጠየቁን ግን ሁሉም አወቁ። ሁለቱ ልጆች ከቤት፣ አንዱ ከስክሪን፣ ዞረው እናታቸውን አዩ። የእማማ ካልቱን ጭንቅላት የለመደውን ሊያደርግ ወደ ታች ዘንበል አለ። ያዙት። ቀና አደረጉት።

"አልሰማሁም ነበር" አሉ። ለሰው ስንት ዓመት ያልተናገሩትን ነገር ነው የተናገሩት። ድምፃቸው በራሳቸው ጆሮ ውስጥ ዘግይቶ ሲመጣ እየሰሙት፣ ምን ያህል ሲጮሁ እንደኖሩ ገባቸውና ዝቅ አደረጉት። "ስታዩኝ ነቀነቅሁ እንጂ አልሰማሁም ነበር። ብዙ ነገር አልሰማሁም። ደግማችሁ ንገሩኝ ማለት አፈርኩ። አሁን ግን ሰማሁ። ከቤቴ አልወጣም አብዲ። አትፈርም።"

ቬንትሌተሩ ይዞራል። አብዲራሺድ "ሀዬ ሆዮ" አለ፤ ይህንንም የሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሚክዳድ ቆሞ ነበር። አፉን ከፈተ፤ እማማ ካልቱን የሚዘገየውን ድምፅ ጠበቁ፤ ምንም አልመጣም። እንደገና ከፈተ። ከዚያ የሚያደርገው ጠፍቶት ጎንበስ አለና ማዳመጫውን ከእናቱ ራስ ላይ በቀስታ ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። እማማ ካልቱን ሁለት እጃቸውን አንስተው ጆሯቸው ላይ ጫኑት፤ መስማት የማይፈልግ ሰው እንደሚያደርገው ጭምቅ አድርገው ያዙት።

"ተወው" አሉት። "አትንካብኝ። ይልቅ ተናገር ሚክዳድ። ተቆጣኝ ካሰኘህም፣ ክፉም ቢሆን የፈለግኸውን ተናገር። ዝም ብቻ አትበለኝ ልጄ፤ ልስማህ።"